አንድ ኬሻ ብቻ

የአጎቴ ግቢ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ወደ ጣርማበር በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ውርጩ ገና ከሣሩ አልተነሳም። ትንሿን ተሳቢ ከቪትዜ ኋላ አያይዤ፣ አራት ኬሻ ዘር ድንች ጭኜ፣ ሸራውን በገመድ ልወጥር ጎንበስ ብያለሁ። የጎረቤት በር ሲከፈት ሰማሁ።

«ደብረ ሲና ነው አሉ የምትሄጂው?» ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። «ልጄ እዚያ አይደለች? ይቺን ባቄላ ብቻ አድርሽልኝ።»

ባቄላው ግማሽ ኩንታል ነው። ግን እምቢ ማለት አልቻልኩም። ልጅ ሳለሁ እናቴ ታማ ሆስፒታል በተኛችበት ወር፣ እኔንና ወንድሞቼን በየማታው እራት ያበሉን እኚህ ሴት ናቸው። እንዴት ብዬ ነው «አይሆንም» የምላቸው? ተቀበልኩና ኋላ በኩል ጫንኩት፤ ቦታ የነበረው እዚያ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጎረቤት ግማሽ ኬሻ ገብስ ይዞ መጣ። አጎቴ ደግሞ ለአክስቴ የሚልኩት አንድ በግ ነበራቸው። በመጨረሻ አክስቴ ከተዳረች ጀምሮ እዚያ ቤት የተቀመጠው የእንጨት ሳጥኗ ወጣ። «መኪና ካለ አይቀር ይሂድላት» አሉ አጎቴ። ደስ ብሏቸው ነበር የሚናገሩት።

ስለዚያ ቀን ለመጻፍ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ትንሽ መኪና ያላችሁና ተሳቢ ለመግዛት የምታስቡ ሰዎች ስለጠየቃችሁኝ አሁን ልጨርሰው። የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለኝ፦ «ቪትዝ ይጎትታል እንዴ?» ይጎትታል። ግን ጥያቄው እሱ አይደለም።

መጀመሪያ ለምን እንደገዛሁት ልንገራችሁ። አክስቴ ደብረ ሲና ጓሮዋ ላይ ድንች ትተክላለች። ዘሩ ከላይ፣ ከብርዱ አገር ሲመጣ ይሻላል። በሽታ ከተክል ወደ ተክል የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተባዮች በብርድ ቦታ ያንሳሉና የደጋ ዘር ጤነኛ ነው። ለአራት ኬሻ ብሎ ኢሱዙ መከራየት አያዋጣም። አውቶብስ ጣራ ላይ ሲጫን ደግሞ ሌላ ዕቃ ይጣልበትና ተላልጦ፣ ቡቃያው ተሰብሮ ይደርሳል። እኔም ያገለገለች፣ ባለ ሁለት ጎማ፣ ከአውሮፓ የመጣች ትንሽ ተሳቢ የራሷ ሰሌዳ እንዳላት አገኘሁና ገዛሁ። ባዶዋን 140 ኪሎ ትመዝናለች። የራሷ ፍሬን የላትም። ይህን አስምሩበት፤ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

የኔ ቪትዝ ባለ 1,000 ሲሲ ነች። አዲስ ሳለች 70 የፈረስ ጉልበት ነበራት። እሱም ባሕር ጠለል ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ጣርማበር ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ወይም ከዚያም በላይ ያጣል። ስለዚህ እኔ ጋ ያለው ወደ 50 የፈረስ ጉልበት ነው ማለት ነው፤ የእርጅናዋን ሳንቆጥር። ድንቹ ግን ከፍታ ላይ ስለወጣ አይቀልም። 50 ኪሎው 50 ኪሎ ነው።

የዚያን ቀን ጭነት በኋላ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ድንቹ 200 ኪሎ፣ ባቄላው 50፣ ገብሱ 25፣ በጉ 25፣ ሳጥኑ ከነዕቃው 30። 330 ኪሎ። የተሳቢዋን 140 ስትጨምሩበት 470። መኪናዋ ራሷ 900 ኪሎ ገደማ ነች። በእንግሊዝ አገር ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከሚጎትተው መኪና ክብደት ከግማሽ መብለጥ አይፈቀድለትም፤ 750 ኪሎ ካለፈ ደግሞ በመላው አውሮፓ የራሱ ፍሬን ግድ ነው። ያ ሕግ የተሰላው ለደህና መንገድና ለደህና ፍሬን ነው። እኔ ከግማሹ አልፌ ነበር፤ ያውም ወደ ጣርማበር ቁልቁለት።

ዳገቱን ወጣችው። ተንፈራገጠች ግን ወጣችው፤ በሁለተኛ ማርሽ፣ አንዳንዴም በአንደኛ። የአጎቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ የሙቀት መርፌውን ያይልኛል። ጭላዳዎቹ መንገድ ዳር ሣር እየነጩ ቀና ብለው አዩን። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችን በነበረበት ጊዜ የፈለፈለው ዋሻ፣ እኛ ሙሶሎኒ ዋሻ የምንለው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እሱን አልፈን ስንወጣ ሁልጊዜ እንደሚሆነው ጉሙ ገጠመን፤ ትንሽ ወረድ ስንል ተገለጠ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ከባዱ ያለፈ መሰለኝ። ማርሽ ወደ አራተኛ አስገባሁና ለቀቅኳት።

ስልሳ አካባቢ ስደርስ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኩርባ መጣ። በግራ ስፖኪዮ ተሳቢዋ ታየችኝ። ጠፋች። በቀኙ ታየችኝ። እንደገና በግራው። መሪው እጄ ላይ እንደ መንቀጥቀጥ አለ፤ የመኪናዋ ኋላ ሲወሰድ፣ ሲመለስ፣ ሲወሰድ በወገቤ ተሰማኝ። የአጎቴ ልጅ «ምንድነው?» አለኝ። አልመለስኩለትም። መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። እግሬን ከነዳጅ አነሳሁ፣ ፍሬኑን ቀስ ብዬ ነካሁ። ዥዋዥዌው እየቀነሰ እየቀነሰ ቆመ። መሪውን ተሳቢዋን ልከተል ብዬ ግራና ቀኝ ባዞረው ኖሮ ይብስ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን።

ሽታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ የሚያውቅ ሰው አይረሳውም። በሚቀጥለው ኩርባ ፍሬኑን ስረግጠው መርገጫው ከወትሮው ወርዶ ያዘ። ደግሜ ስረግጠው ይበልጥ ወረደ። ልስልስ አለ፤ ስፖንጅ የረገጥኩ ያህል። ቶሎ ቶሎ ደጋግሜ እየረገጥኩ፣ ማርሹን ወደ ሦስት፣ ከዚያ ወደ ሁለት አወረድኩ፤ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳብኩ። መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ላይ ቆመች። የአጎቴ ልጅ ዘሎ ወርዶ ድንጋይ ጎማ ሥር ከተተ። እኔ መሪውን መልቀቅ አልቻልኩም ነበር፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኳቸው።

ምን እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ። የሚወርድ ክብደት ጉልበቱን የሆነ ቦታ መጣል አለበት፤ የሚጥለው ፍሬን ላይ ነው፣ ፍሬኑም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። እኛን ጨምሮ 1,500 ኪሎ ነበርን። 1,500 ኪሎ 100 ሜትር ሲወርድ የሚያወጣው ሙቀት 5 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ማፍላት ይችላል። መቶ ሜትር ስል የመንገዱን ርዝመት ሳይሆን የከፍታውን ልዩነት ነው። በየመቶው አምስት ሊትር እያፈላችሁ ስትወርዱ፣ ያ ሁሉ እሳት ቪትዝ ጎማ ውስጥ ያለችው መዳፍ የምታክል ሸራ ላይ ነው የሚነደው። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሄዳል። ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ዶት 3 ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው። ግን ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል። አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ እግራችሁ የሚጫነው አረፋውን እንጂ ፍሬኑን አይደለም። መርገጫው የወረደው ለዚህ ነው። የኔ ዘይት ከተቀየረ ስንት ዓመቱ እንደነበር አልነግራችሁም፤ የናንተን ዛሬውኑ አስቀይሩ።

ከኋላችን የመጣ አንድ ባለ ከባድ መኪና ሾፌር አይቶን ቆመ። ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ሰው ናቸው። ጎማዎቹን ዞር ዞር ብለው አሸተቱ። እኔ ጄሪካን ይዤ ውሃ ላፈስበት ስል እጄን ያዙኝ። «ተዪው እህቴ፣ የጋለ ብረት በውሃ ይሰነጠቃል። ይብረድ። በስንት ማርሽ ነበር የምትወርጂው?»

«በአራተኛ።»

«በስንት ነው የወጣሽው?»

«በሁለተኛ።»

«በወጣሽበት ውረጂ» አሉኝ። ሌላ ተግሣጽ የለም። ሸራውን ገልጠው ጭነቱን ሲያዩ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ባቄላውና ሳጥኑ ጭራው ላይ ናቸው፤ በጉም ኋለኛው ስፖንዳ ጥግ ታስሮ ቆሟል። «አንቺ፣ ጋሪ አይተሽ አታውቂም?» አሉኝ።

ጋሪማ ደብረ ብርሃን ተወልጄ እንዴት አላይም! ግን አስቤው አላውቅም ነበር። የጋሪ ሰው ጭነቱን ወደ ኋላ አያበዛም፤ ካበዛ ጋሪው ወደ ላይ ይነሳና ፈረሱን ከሆዱ ይይዘዋል። ወደ ፊትም አያበዛም፤ የፈረሱን ጀርባ ይሰብራል። ከባዱን ጎማው ላይ ያደርግና ትንሽ ወደ ፊት ያደላል። ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢም ያው ጋሪ ነው፣ ፈረሱ ብቻ ነው የተቀየረው። ጭራው ሲከብድ አፍንጫው፣ ከመኪናው ጋር የሚያያዘው ጫፉ፣ መኪናውን ወደ ላይ ያነሳል፤ ያን ጊዜ ትንሽ ንፋስ ወይም ኩርባ ይበቃዋል፣ ጭራውን መቁላት ይጀምራል። ፍጥነት ሲጨመርበት ደግሞ በራሱ እየባሰ ይሄዳል። ሰውየው ባቄላውንና ሳጥኑን በራሳቸው መኪና ወስደው ደብረ ሲና አደረሱልን፤ የከፈልናቸው አንዲት ኩባያ ቆሎ ነው፣ እሱንም በግድ ነው የተቀበሉት። ድንቹን ጎማው ላይ ደለደልን፣ በጉን ወደ ፊት አሰርን። ስንነሳ ጎማ ሥር የከተትነውን ድንጋይ አንስተን ከመንገድ አወጣነው። ይህን ሁልጊዜ አድርጉ፤ ማታ የሚመጣው ሰው አያየውም።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ሁሉንም ነገር ከሥሩ አየሁት። ብዙ ነገር ነው ያገኘሁት፣ አንዱ ግን እስካሁን ሌሊት ያባንነኛል። ተሳቢዋ የምትያያዘው መኪናው ኋላ ባለች የብረት ኳስ ላይ ነው፤ መያዣዋ ለ50 ሚሊ ሜትር ኳስ የተሠራ ነው። መኪናዬ ላይ በያጁ የገጠመልኝ ኳስ ደግሞ ከአሜሪካ ዕቃ የተገኘ ነበር፤ ውፍረት መለኪያ ካሊፐር ሲገባበት 47 ተኩል አካባቢ አነበበ። በዓይን አይለይም። መያዣው ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፣ በእጅ ሲነቀነቅም የያዘ ይመስላል። ግን ጉድጓድ ሲገኝ፣ በተለይ አፍንጫው ወደ ላይ የሚነሳ ጭነት ካለ፣ ዘሎ ሊወጣ ይችላል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ይዞኝ የወረደው ምን እንደሆነ አላውቅም። አሁን ትክክለኛ 50 አስገጥሜያለሁ። ከሥሩ ደግሞ ሁለት ሰንሰለት በመስቀል አጣምሬ አስሬያለሁ፤ የሚጣመረው አፍንጫው ቢወድቅ አስፋልት ላይ እንዳይተከል አቅፎ እንዲይዘው ነው።

መብራቱን በአጭሩ ልበለው። ፍሬቻ ስታበሩ የፍሬን መብራቱ አብሮ ብልጭ ድርግም ካለ አምፖል አትቀይሩ፤ ባለ ሰባት እግሩ ሶኬት ላይ ነጩን ሽቦ እዩ። እሱ መሬት ነው፣ የኤሌክትሪኩ መመለሻ፤ ሲዝግ ኤሌክትሪኩ በሌሎቹ መብራቶች በኩል መመለሻ ይፈልጋል። ወደ ኋላ መንዳት ላይ ደግሞ እጃችሁን መሪው ታች ላይ ያዙ፤ እጃችሁ ወደሄደበት ተሳቢውም ይሄዳል። አጭር ተሳቢ ቶሎ ስለሚታጠፍ ከረጅሙ ይከብዳል። እኔ አክስቴ ጊቢ ለመግባት አንዳንዴ ፈትቼ በእጅ ነው የምገፋት። አያሳፍርም።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ብረቱ አይደለም። ለራሴ ቁጥር ቆረጥኩ፤ ተሳቢዋ ከነጭነቷ 300 ኪሎ፣ ማለትም ጭነቱ 160። ሦስት ኬሻ ድንችና አሥር ኪሎ። ቁጥሩን መቁረጥ ቀላል ነበር። የከበደው የአጎቴ ግቢ ውስጥ ቆሞ መናገሩ ነው። እኛ አገር ሰው «ይቺን አድርሽልኝ» ሲል ዕቃ አያስጭንም፤ ዝምድናውን ነው የሚያስጭነው። ልጁ እንዳትረሳው የሚልክላት ባቄላ ነው። ዕቃውን ስትመልሱበት የመለሳችሁት እሱን ነው። «መኪናዬ አይችልም» ብል «ይችላል፣ ባለፈው ችሎ የለ!» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ ወጥታለችና። ቁልቁለቱን እነሱ አላዩም።

አንድ ቀን ገበያ ላይ በግ የሚመዘንበትን ተንጠልጣይ ሚዛን አየሁና አንድ ገዛሁ። መጀመሪያ የፈለግኩት ለተሳቢዋ አፍንጫ ነበር፦ አፍንጫዋን ሚዛኑ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሚዛኑን አግዳሚ እንጨት ላይ ሰቅሎ ማንበብ ነው። ከጠቅላላ ክብደቱ ከመቶ አሥር እጅ አካባቢ መሆን አለበት፤ ለኔ ከ20 እስከ 30 ኪሎ። ካነሰ ጭራዋን ትቆላለች። ከበዛ የመኪናዋ ኋላ ቁጭ ይልና የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፤ ቪትዝ ደግሞ የምትጎትተው በፊት ጎማ ነው፣ ዳገት ላይ ጎማዋ ይንሸራተታል፣ መሪውም ይቀላል።

ሚዛኑን አጎቴ ግቢ ያለው ባሕር ዛፍ ላይ ሰቅዬው ነበር። ሰው ሲሰበሰብ አስረዳኋቸው። ስለ ፍሬን ዘይት አላወራሁም፤ የዋሻውን ማዶ፣ መርገጫው እግሬ ሥር ሲወርድ ምን እንደተሰማኝ፣ የእናቴ ልጅ እዚያ ገደል ላይ ልትቀር እንደነበር ነገርኳቸው። እትዬ አለቀሱ። አጎቴ ምንም አላሉም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እኔ ሳልደርስ ጭነቱን የሚመዝኑት እሳቸው ናቸው፤ ድንቹን ሦስት ኬሻ ብቻ አውጥተው ይጠብቁኛል። የቀረው በሌላ ቅዳሜ ይሄዳል። ነዳጁ ሁለት እጥፍ ሆኖብኛል፣ እሱን አልደብቅም።

አሥሯ ኪሎ የጎረቤት ነች። ባለፈው ጊዜ ስመጣ እትዬ ባቄላቸውን ይዘው ሚዛኑ ሥር ደርሰው ነበር። ራሳቸው መንጠቆው ላይ ሰቀሉት። «ስንት ይላል?» አሉት የአጎቴን ልጅ።

«አሥራ አራት፣ እማማ።»

የኬሻውን አፍ ፈቱና ወደ ቁናቸው ገለበጡ፤ ቆም አሉ፣ ደግመው ትንሽ ጨመሩ።

«አሁንስ?»

«አሥር።»

አፉን አሰሩና ሰጡኝ። ጎማው ላይ አደረግኩት፣ ከድንቹ መሃል።